የወደቀ ማንጎ የማን ነው

የመቱ ዝናብ ሲጀምር ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፤ እኔን ግን ወገቤን ያመኛል። በሽታ አይደለም። ዝናቡ ሲጀምር ማንጎው ይበስላል፤ ማንጎው ሲበስል ዝንቡ ይመጣል፤ ዝንቡ የወጋው ማንጎ ይረግፋል፤ የረገፈውን አጎንብሶ የሚለቅመው ማን እንደሆነ ደግሞ ወገቤ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል።

ቤታችን ከመቱ ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ከተማው አልቆ ገጠሩ ሳይጀምር። ባለቤቴ ጋምቤላ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ እኔ ልብስ እሰፋለሁ። ከቤቱ ጀርባ ያለው የማንጎ ማሳ የአማቴ ነበር። ዛፎቹን የተከሉት ባላቸው ናቸው፤ ያሳደጓቸው ግን እሳቸው ናቸው። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ዛፎቹ ተቃቅፈው ጣሪያ ሠርተው ነበር፤ ከሥራቸው ቀትር ላይ እንኳ ይቀዘቅዛል።

ያኔ ግቢው በር አልነበረውም። አጥሩ መንገዱ ጋ ሲደርስ ይቋረጥና ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ነበር። በገበያ ቀን ከኖፓ በኩል ጭነት ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች እዚያ ሲደርሱ ሸክማቸውን ያወርዳሉ፤ ይገባሉ፤ ከዛፉ ሥር የወደቀውን ማንጎ አንስተው በቀሚሳቸው ጠርገው ይበላሉ፤ አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ አብሰው ይሄዳሉ። ማንም ማንንም አያስፈቅድም። ወደ ቅርንጫፍ እጁን የሚሰድ ግን አላየሁም። ቅርንጫፍ ላይ ያለው የባለቤቱ ነው፤ መሬት ላይ ያለው የመንገደኛው። አማቴ ይህን በአንድ ንግግር ነበር የሚጨርሱት፦ «ከን ኩፌ ከን ካራ ዴምቱቲ»፤ የወደቀ የመንገደኛ ነው። እንደ ሕግ ነበር የሚናገሩት፤ በእኛ ግቢ ሕግም ነበር።

ጎረቤቴ የዚህ ሕግ ምስክር ናት። ከወሎ በሰፈራ የመጡ ቤተሰቦች ልጅ ናት፤ ከእኔ ትንሽ ስለምትበልጥ እትዬ እላታለሁ። ሲመጡ ገና ሕፃን ነገር ነበረች፤ «አገሩ ጫካ፣ ቋንቋው እንግዳ፣ ሆዳችን ባዶ» እያለች ታወራዋለች። የዚህን አገር ፍሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰችው በዚያ ክፍት ቦታ ገብታ ነው። አማቴ ከቤት ብቅ ሲሉ ደንግጣ ልትሮጥ ነበር። በቋንቋ ስለማይግባቡ አማቴ ከመሬት አንድ ማንጎ አነሱና ራሳቸው ገመጡ፤ ሌላ አንስተው ዘረጉላት። ይህን ታሪክ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ታወራዋለች፤ እኔም እንደ አዲስ እሰማታለሁ።

ዝንቡ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ብቻ አንድ ዓመት ማንጎው በወጉ ሳይበስል መርገፍ ጀመረ። ከውጭ ሲያዩት ሙሽራ ነው፤ ሲከፍቱት ውስጡ ይላወሳል። ሰው ምች ነው አለ፤ ሌላው ዓይን ነው አለ። በዚያው ሰሞን ግብርና ጽሕፈት ቤት ሥልጠና አለ ተብሎ ባለቤቴ ተጠራ፤ እሱ ጋምቤላ ነበር፤ በእሱ ፈንታ እኔ ሄድኩ። ሰውን ሥራ የሚይዘው እንዲህ ነው፤ ሰው ተክቶ ስብሰባ ይገባል፣ ሲወጣ የዕድሜ ልክ ሥራ ይዞ ይወጣል።

ሥልጠናው ላይ የሰማሁት ይህን ነው። ሴቷ ዝንብ ማንጎውን ትወጋና እንቁላሏን ከልጣጩ ሥር ትጥላለች። እንቁላሉ ትል ይሆናል፤ ትሉ ፍሬውን ይበላል፤ ፍሬው ይወድቃል። ትሉ ከወደቀው ፍሬ ወጥቶ አፈር ይገባል፤ ከአፈሩ ዝንብ ሆኖ ይወጣና እንደገና ወደ ዛፉ። «ስለዚህ» አለ ባለሙያው፣ «የወደቀውን ሳታነሱ ዛፉን ብትረጩ ልፋት ነው። ነገሩ ያለው መሬት ላይ ነው።» ባለሙያው በአንድ ሞተር ሳይክል ስንቱን ቀበሌ የሚዞር፣ ከእኔ ያልተናነሰ የደከመው ሰው ነበር። ሲያስተምር እንኳ መቀመጫ ይፈልግ ነበር።

ወጥመድም ሰጡን። ክዳን ያላት ቢጫ የፕላስቲክ ዕቃ ናት፤ ውስጧ ሽታ የተነከረ ጥጥ አለ፤ ሽታውን ተከትሎ የገባ ዝንብ አይወጣም። ቅርንጫፍ ላይ እሰቅላታለሁ፤ በየሳምንቱ ከፍቼ ዝንቡ መብዛቱን ወይም መቀነሱን ለባለሙያው እነግረዋለሁ። ሽታው የሚስበው ወንዱን ብቻ ነው። ይህን ስነግራት ጎረቤቴ «ታዲያ ይኼን ለማወቅ ሥልጠና ምን አስፈለገ?» ብላ ሳቀች። ያኔ ገና እንሳሳቅ ነበር።

ከዚያ በሩ መጣ። መንገደኛው የወደቀውን ማንጎ ያነሳል፣ ደህናውን ጎን ይበላል፣ ትል ያለበትን ጎን አጥሩ ሥር ይወረውራል። ባለሙያው አጥሩን ዞሮ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «እኅቴ፣ አንቺ እዚህ ስትለቅሚ እዚያ እየተዘራ ነው» አለኝ። ባለቤቴ ሲመለስ ነገርኩት። እሱ ደግሞ ነገር ማጓተት አይወድም፤ ወደ ጋምቤላ ሳይመለስ የቆርቆሮ በር አሠርቶ ክፍቱን ቦታ ዘጋው።

በሩ ሲተከል አማቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። አልጮሁም፣ አልተራገሙም። ራት ላይ የተላጠ ማንጎ ሳቀርብላቸው ሳህኑን በጣታቸው ገፋ አደረጉት።

«እማማ፣ አይበሉም?»

«ሰው ያልቀመሰውን አልቀምስም።»

«ይኼ ደህናው ነው፤ ትል የለውም።»

«ትል ፈርቼ መሰለሽ? ደጄ ተዘግቶ ማንጎዬ በጉሮሮዬ አይወርድም።»

ይበርድላቸዋል ብዬ ነበር። አልበረደላቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሳቸው ዛፍ ማንጎ አልቀመሱም። ጥርሳቸው ያለቀ፣ ሌላ ምግብ እምብዛም የማይስማማቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚህ ወቅት ማንጎ ሲበሉ የኖሩ ሴትዮ ናቸው። በየዓመቱ ዝናቡ ሲጀምር እልጣለሁ፣ አቀርባለሁ፣ ሳህኑ ይመለሳል። እኔም ከዚያ ወዲህ ፍሬውን ወደ አፌ ማስጠጋት አልቻልኩም። ለእሳቸው ብዬ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ትል ሳነሳ ውዬ ማታ እሱኑ መብላት አስጠላኝ።

ሥራው መቅበር ነበር። ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ ዝንቡ አፈሩን ገፍቶ ይወጣል፤ ስለዚህ እስከ ጉልበቴ እቆፍራለሁ። የኢሉባቦርን ቀይ አፈር በዝናብ ቆፍሮ የማያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ያነበዋል። ዶማው ገብቶ አይመለስም፤ ሲመለስም ጭቃውን ይዞ ነው። ቆፍሬ፣ ለቅሜ፣ ሞልቼ፣ ረግጬ ስጨርስ ከኋላዬ ጧ ይላል፤ ሌላ ወደቀ። ከሰዓት በኋላ ስፌት መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ዶማ ሲይዝ የዋለ እጄ ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት ያቅተዋል። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠማማ ሰፍቼ፣ ፈትቼ፣ መልሼ ጠማማ የሰፋሁት በዚያ ዓመት ነው።

መንገደኛው በቆርቆሮው ክፍተት የሚያየው ግን ሌላ ነው። የሚያየው ማንጎ የምትቀብር ሴት ነው። ስም ወጣልኝ፤ ቀባሪዋ። ጎረቤቴ እንኳ አንድ የገበያ ቀን በሩ ላይ ቆማ፣ የኖፓ ሴቶች እየሰሙ፣

«ወላሂ እንዲህ ያለ ስስት አላየሁም! ለሰው ከምትሰጪ ለአፈር ትሰጫለሽ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ትል ነው የምቀብረው።»

«ትሉን ቅበሪያ! ማንጎው ምን አደረገሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ስለ እንቁላሉና ስለ አፈሩ ልጀምርላቸው ነበር፤ ደከመኝና ተውኩት። ድካም ልክ የሆነውንም ሰው ዝም ያሰኛል። አማቴ በረንዳቸው ላይ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሳቸው ስም ግን በቁማቸው እየተቀበረ ነበር። የስስታም ግቢ የተባለው የእሳቸው ግቢ ነውና። ከዚያ ቀን በኋላ ከጎረቤቴ ጋር ሰላምታችን የአንገት ብቻ ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት ባለሙያው አዲስ ነገር ይዞ መጣ። «መቆፈር ይብቃሽ» ሲለኝ ልስመው ምንም አልቀረኝም። የወደቀው ማንጎ መሬት ላይ ይከመራል፤ በላዩ ጥቃቅን ቀዳዳ ካለው መረብ የተሠራ ድንኳን ይደፋበታል፤ ጠርዙ በአፈር ይታፈናል። ዝንቡ ከውስጥ ሲፈለፈል መረቡን ማለፍ ስለማይችል እዚያው ያልቃል። ግን አንዲት ተርብ አለች፤ ከዝንቡ የምታንስ፣ ልብ ካላሉ የማትታይ፣ ሰው የማትነድፍ። እሷ ደግሞ ልጇን የምታሳድገው ትሉ ውስጥ ነው፤ ልጇ ትሉን ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ስትፈለፈል በመረቡ ቀዳዳ ሾልካ ትወጣና ሌላ ትል ፍለጋ ወደ ዛፉ ትመለሳለች። «እስከዛሬ ወዳጅሽንም አብረሽ ነበር የምትቀብሪው» አለኝ። ይህን ቀድሞ ቢነግረኝ ምን ነበረበት!

መረብ ከየት ይምጣ? የመቱ ሰው መረብ ሲባል ትዝ የሚለው ለወባ የሚታደለው አጎበር ነው። ከታሸገበት ያልወጣ አንድ ነበረን። ቆረጥኩት፣ ሰፋሁት፣ በዱላ ወጥሬ ማንጎው ላይ ዘረጋሁት። ጎረቤቴ በአጥሩ በላይ አይታ፣ «ሰው በወባ ይሙት፣ ማንጎ አጎበር ውስጥ ይተኛ!» አለች። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ እኔም በሆዴ ሳቅሁ። ሳምንታት ቆይቶ ባለሙያው መጥቶ ጠርዙን ገለጥ ቢያደርግ ዝንቡም ሞቷል፣ ተርቧም ሞታለች። ሁለታችንም ቆመን አየን። አጎበሩ መድኃኒት የተነከረ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፤ ትንኙን የሚገድለው ምን ሆኖ ነው? ሁለት የደከመው ሰው አንድ ላይ ሲያስብ ግን እንዲህ ነው።

ለአማቴ ነገርኳቸው። ስለ ማንጎው መነጋገር ትተን ነበር፤ ግን ሌላ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

«ያቺ ትንሿ መውጫ አላት?» አሉኝ።

«አላት እማማ። ቀዳዳው ለእሷ ይበቃል፤ ለዝንቡ አይበቃም። ግን አጎበሩ ራሱ ገደላት።»

ተነሱና ከአልጋቸው በላይ የተሰቀለውን አጎበር መፍታት ጀመሩ። ስንት ክረምት በሳሙና የታጠበ፣ ስንት በጋ አጥር ላይ የተሰጣ አጎበር ነበር፤ መድኃኒቱ ቀርቶ ቀለሙም ለቆ ነበር። አዲስ ስሰጣቸው ሽታው ራሴን ያመኛል እያሉ ሲመልሱልኝ ኖረዋል።

«ይኼ ማንንም አይገድልም» አሉኝ። «ለእኔ እንግዲህ ያንን ክፉውን ትሰቅይልኛለሽ።»

ከጤና ኬላ አዲስ አምጥቼ ሰቀልኩላቸው። ታርቀናል ማለት ነው ብዬ በማግሥቱ ማንጎ ላጥኩ። ሳህኑ ተመለሰ።

አሮጌው አጎበር ሠራ። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ግን ወጥመዷን ስከፍት የማገኘው ዝንብ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ከመንገድ የሚረጭ መድኃኒት ገዝቶ መጥቶ፣ አይነካም፣ ተርቦቼን ትፈጅብኛለህ ስለው፣ «ሚስቴ ተርብ ታረባለች ብዬ ለሾፌሮቹ ልንገራቸው?» አለ። ንገራቸው አልኩት። አማቴ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ በርጩማቸውን አጎበሩ አጠገብ አድርገው ይቀመጡ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ሰውን እንኳ በድምፅ ነበር የሚለዩት፤ ተርቧን ያዩአት እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ድንገት «ይኸው ወጣች» ይላሉ። አንዳንዴ እውነትም ወጥታ አገኛታለሁ፤ ክር የምታክል ነገር መረቡ ላይ ቆማ ክንፏን ስታፍታታ። ከሥራዬ ሁሉ ያላደከመኝ እሷን ማየት ብቻ ነበር።

በሩን ለመክፈት ግን አልደፈርኩም። በምትኩ ደህና ደህናውን ከዛፍ አውርጄ ከበሩ ውጭ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በሰፌድ አስቀምጥ ጀመር። መንገደኛው ያነሳል። ደስ ብሎኝ፣ «ይኸው እማማ፣ ሰው ቀመሰው፤ አሁን ይብሉ» አልኳቸው።

«ያ ከዛፍ የወረደ ነው» አሉ። «ከዛፍ የወረደ ስጦታ ነው። ስጦታ የሚቀበል ሰው አንገቱን ይደፋል። የወደቀው ግን ድርሻው ነው፤ ድርሻውን ያነሳ ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል።»

ንድድ አለኝ። «ታዲያ ዛፉ ይሙት?» ብዬ ጮህኩባቸው። በአማቴ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያኔ ብቻ ነው። እሳቸው ግን አልተቀየሙም።

«አንቺ ዛፉን ጠብቂ፤ ልክ ነሽ። እኔ ደግሞ ቃሌን ልጠብቅ» አሉኝ።

ከዚያም እኔ መላጡን አልተውኩም፤ እሳቸውም መመለሱን አልተዉም።

የሞቱት ማንጎው መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ነው። ሕመማቸው ረጅም አልነበረም። ምግብ እንቢ ሲሉ ማንጎ ጨምቄ በማንኪያ አስጠጋሁላቸው። ከንፈራቸውን ግጥም አደረጉ። እጄን ግን ይዘው ዳበሱት፤ መዳፌ በዶማ የሻከረ ነው፤ ጣታቸውን በሻካራው ላይ አመላለሱና ለቀቁኝ።

ለቅሶ ተቀመጥን። ድንኳኑ ከቤቱ ፊት ተተከለ፤ ማሳው ከኋላ ነው። ሰው አልቅሶ ዝም ሲል ከኋላ ጧ የሚለው ይሰማኛል። ሐዘንተኛ ነኝ፤ ተነስቼ ማንጎ ልልቀም አልል። የማስበው ስለ ሟች ሳይሆን ስለ ትሉ ነበር፤ አሁን ወጣ፣ አሁን አፈር ገባ፤ ያ ሁሉ የዓመታት ልፋት በለቅሶው ቀናት ገደል ገባ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ የእኔ አንጀት ደርቆ ነበር መሰለኝ፣ እንባ እንቢ አለኝ። አማቷ ሞተው ዓይኗ ደረቅ ነው ሳይሉኝ አልቀሩም።

የሣልስቱ ዕለት ሰው ሳሳ ሲል ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ወደ ኋላ ዞርኩ።

መሬቱ ላይ አንድ የበሰበሰ ማንጎ አልነበረም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቆርቆሮው እንዳይመለስ ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደግፎበታል። የገበያ ቀን ነበር፤ የኖፓ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ከዛፎቹ ሥር ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ በመካከላቸው ቆማ ከመሬት የተነሳውን ታገላብጣለች፤ ዝንቧ የወጋችበት፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ ያለበትን ወደ አጎበሩ ትወስዳለች፣ ደህናውን ለሴቶቹ ትመልሳለች። አንዷ የበላችበትን ትራፊ ወደ አጥሩ ልትወረውር እጇን ስታነሳ፣

«አጥር ሥር እንዳትጥዪ! ወደ አጎበሩ!» ብላ ጮኸችባት።

ቆሜ አየኋት። ስታየኝ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ እየለቀምን ነው» አለችኝ።

«ነጥቡን ማን አሳየሽ እትዬ?»

«ይህን ሁሉ ዓመት በአጥር ሳይሽ የኖርኩት ምን እያየሁ መሰለሽ?»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት።

«ለአንቺ ብለን እንዳይመስልሽ፤ ለእሳቸው ነው።»

አውቃለሁ አልኳት። ሁሉም ጎንበስ ብሎ ቢለይ ኖሮ በር መዝጋት አያስፈልግም ነበር። ሁሉም ጎንበስ እንዲል ግን ሴትዮዋ መሞት ነበረባቸው፤ ይህን ሳስብ በሁላችንም ተናደድኩ።

ጎረቤቴ ከእግሯ ሥር አንድ ማንጎ አነሳች፤ ዙሪያውን አየችው፤ በቢላ ለሁለት ከፈለችው። አንዱን ጎን አጠገቧ ለተቀመጠችው የኖፓ ሴት ሰጠቻት፤ ሴትዮዋ ገመጠች። ሌላውን ለእኔ ዘረጋችልኝ።

«እኔ እንኳ አልበላም» አልኳት።

«ብዪ። የወደቀ ነው፤ ሰውም ቀምሶታል።»

እንባዬ ያኔ መጣ። ጭማቂው በክንዴ እየወረደ፣ ቆሜ፣ እያለቀስኩ በላሁት። ጣፋጭ ነበር፤ ረስቼው ኖሯል። ስጨርስ ልጣጩን ይዤ ወደ አጎበሩ ሄድኩ። የጠርዙ አፈር በአንድ በኩል ተነስቶ ለዝንብ የሚበቃ ክፍተት ትቶ ነበር። ጎንበስ ብዬ አፈሩን በእጄ መለስኩት።